ያልታየው ጅብ፦ ከኦክላንድ እስከ አዲስ አበባ

ዛሬ ስለ ሹመትና ሽረት፣ ስለ ድርድርና መግለጫ አላወራችሁም። የማወራችሁ ስለ ጅብ ነው። ትንሽ ታገሱኝ፤ ወዴት እንደምሄድ ኋላ ይገባችኋል።

ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከተማ ያደጋችሁም ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ቀን ማረሻ ሲቀጠቅጥልን የሚውለው ቀጥቃጭ፣ እንስራና ምጣድ የምትሠራልን ሸክላ ሠሪ፣ ሲመሽ ጅብ ሆነው ይዞራሉ ይባል ነበር። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም ይኸው ስም ወጥቶላቸው ኖረዋል። ተገድሎ የተገኘ ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ ታየ የሚል ወሬም ነበር። ጉትቻውን በዓይኑ ያየው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ሁሉም «ሰው ነገረኝ» ነው የሚላችሁ።

ቀጥቃጩ ጅብ ሲሆን ያየ ሰው አለ ወይ ስትሉ ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ቡዳ መቼ ይታያል!» ልብ በሉ፤ አለመታየቱ ሰውየውን ነፃ አላወጣውም። ይልቁንም ክሱን አጠነከረበት። ቢታይ ቡዳ ነው፤ ባይታይ ደግሞ የባሰበት ቡዳ ነው። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን አርሰን እንበላለን፤ እሱን ግን ከማዕዳችን አናቀርበውም። በደጁ ስናልፍ የልጃችንን ፊት እንሸፍናለን። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ አገር የሚጎዳ መሆኑን ስላዩ ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ ስድብን ከአደባባይ ሊያስቀር ይችል ይሆናል እንጂ ፍርሃትን ከጓዳ አያስወጣም።

ይህን ያነሳሁት «ኋላ ቀር ነበርን» ልላችሁ አይደለም። ይኸው አስተሳሰብ፣ አንድም ሳይጨመርበት፣ እኛ ዛሬ በምንኖርበት በቤይ ኤሪያ፣ ሕግ በተማሩና ጦር በሚመሩ ሰዎች አፍ ተነግሮ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ አስወጥቷል። በኋላም በእኛው ከተማ፣ በአዲስ አበባ፣ ተደግሟል። አሁን ደግሞ በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ በለቅሷችንና በድግሳችን መሐል ተቀምጧል ብዬ እፈራለሁ።

ፍራንክሊን ጎዳና ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን በአውሮፕላን ደበደበች። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ገና ሰባት ወራቸው ነበር። በማግስቱ ኦክላንድ ውስጥ፣ ፍራንክሊን ጎዳና ላይ፣ ዘሩ ከጃፓን የሆነ አንድ ባለ ግሮሰሪ በሱቁ ግንባር ላይ በትልልቅ ፊደል «አሜሪካዊ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። ሰውየው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነበር። የበርክሌይዋ ፎቶግራፍ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ በመጋቢት 1942 ጽሑፉን ፎቶ ስታነሳው ግን ሱቁ ተዘግቷል። ያንን ፎቶ ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም።

ሰው «አሜሪካዊ ነኝ» ብሎ በሱቁ ላይ የሚጽፈው መቼ ይመስላችኋል? ትናንት ሽንኩርትና ቲማቲም የሸጠለት ጎረቤቱ ዛሬ ሲያየው ሌላ ነገር ማየት ሲጀምር ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ትልልቅ መጽሔቶች ቻይናዊን ከጃፓናዊ በአፍንጫና በጉንጭ አጥንት እንዴት እንደሚለዩ የሚያስተምር ጽሑፍ ከነፎቶው አወጡ። ቻይናውያኑም እንዳይነኩ ሲሉ «ቻይናዊ ነኝ» የሚል ምልክት ደረታቸው ላይ ሰኩ። እኛ «ጸጉረ ልውጥ» የምንላት ቃል በእንግሊዝኛ ብትተረጎም ኖሮ ያን ጊዜ ኦክላንድ ውስጥ ጥሩ ገበያ ታገኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። በዚህ የተነሳ 120,000 ገደማ ሰዎች፣ ሁለት ሦስተኛው እዚሁ የተወለዱ ዜጎች፣ በእጃቸው የሚሸከሙትን ብቻ ይዘው ከቤታቸው ወጡ። የሳን ሆዜዎቹ የተመዘገቡት ዛሬ ልጆቻችን በሚማሩበት በሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አዳራሽ ነው። አዳራሹ አሁን በጁዶ አሠልጣኙ በዮሽ ኡቺዳ ስም ይጠራል። ኡቺዳ የአሜሪካን ጦር የደንብ ልብስ ለብሶ ሲያገለግል ቤተሰቡ ካምፕ ውስጥ ታጉሮ ነበር። የኦክላንድና የበርክሌይ ሰዎች ደግሞ ሳን ብሩኖ ወደሚገኘው የታንፎራን የፈረስ መሮጫ ተወሰዱ። 8,000 ያህል ሰው እዚያ ከርሟል፤ ብዙዎቹ የተኙት በፈረስ ጋጣ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወደ ዩታ በረሃ ተላኩ። ሳን ብሩኖ ባርት ጣቢያ ስትወርዱ እ.ኤ.አ. በ2022 የቆመላቸውን መታሰቢያ ታገኛላችሁ። ስንቶቻችን ስልካችንን እያየን አልፈነው ሄደናል!

አለመገኘቱ ሲያስከስስ

አሁን ወደ ጅባችን እንመለስ። የምዕራቡን ጠረፍ ጦር ያዝዝ የነበረው ጄኔራል ጆን ዴዊት ነው። ጃፓናውያኑ ይውጡ ብሎ ፌብሩዋሪ 14 ቀን ለበላዮቹ በጻፈው ሐሳብ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ክርክር አለ። እስከ ዛሬ ምንም ዓይነት የማበላሸት ሥራ አለመፈጸሙ ራሱ፣ ወደፊት እንደሚፈጸም የሚያረጋግጥ አስጊ ምልክት ነው አለ። ደግማችሁ አንብቡት። ድልድይ አልፈረሰም፤ ስለዚህ ሊያፈርሱ ነው። ባቡር አልተገለበጠም፤ ስለዚህ ተዘጋጅተው እየጠበቁ ነው። «ቡዳ መቼ ይታያል!» ማለት ከዚህ በምን ይለያል?

ይህን ያለው ወታደሩ ብቻ አልነበረም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የነበረው ኧርል ዋረን በዚያው ወር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለምክር ቤት አባላት ኮሚቴ ሲናገር ተመሳሳይ ነገር አለ። ጃፓናውያን የያዙት መሬት ከወታደራዊ ቦታዎችና ከኤሌክትሪክ መስመሮች አጠገብ መሆኑን በካርታ አሳየ። ገበሬ ርካሽ መሬት ባገኘበት ቦታ እንደሚያርስ ልብ ያለው አልነበረም። ዋረን ደግሞ ተራ ሰው አልነበረም። ለዓመታት የኦክላንድ ከተማ ያለችበት የአላሜዳ ካውንቲ ዓቃቤ ሕግ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆኖ በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መሐል የነበረውን የትምህርት ቤት አጥር ያፈረሰው እሱ ነው። በማስታወሻው ላይ በ1942 ባደረገው ነገር መጸጸቱን ጽፏል። ይህን የማነሳው ለምንድን ነው? ጭራቁ የሚይዘው ክፉ ሰዎችን ብቻ ነው ብለን እንዳንዘናጋ ነው። ደግ ሰውም፣ ብልህ ሰውም ይያዛል።

መረጃ ጠፍቶ ነበር እንዳትሉኝ። ከጦርነቱ በፊት መንግሥት የላከው መርማሪ፣ ከርቲስ መንሰን፣ እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ታማኝ መሆናቸውን ሪፖርት አድርጓል። የባሕር ኃይሉ የስለላ መኮንንም ሁሉን በጅምላ ማፈናቀል አያስፈልግም ብሏል። የኤፍቢአይ ኃላፊው ኤድጋር ሁቨር እንኳ፣ ያ ማንንም የማያምነው ሁቨር፣ አስፈላጊ አይደለም ብሎ ነበር። ያዳመጠ ግን አልነበረም። ከአርባ ዓመት በኋላ በምክር ቤቱ የተቋቋመው ኮሚሽን መዝገቡን ሁሉ መርምሮ፣ በምዕራቡ ጠረፍ ከነበሩት ጃፓናውያን አንድም ሰው የስለላ ወይም የማበላሸት ተግባር እንደፈጸመ የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ አረጋገጠ። መንስኤውም የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ድንጋጤና የመሪዎች ድክመት ነው ብሎ ደመደመ።

ደግሞም ፍርሃት ገበያ ነው፤ ገበያ ባለበት ነጋዴ አይጠፋም። በሳሊናስ አካባቢ የነበረ የአትክልት አምራቾች ማኅበር ጃፓናውያኑ እንዲወጡ ሲወተውት ቆይቶ፣ አንድ ኃላፊው ነገሩ የመሬትና የገበያ ፉክክር መሆኑን ሳይደብቅ ለመጽሔት ተናገረ። ስለ ጭራቁ አብዝቶ የሚያወራ ሁሉ ጭራቁን የሚፈራ አይምሰላችሁ።

ፍሬድ ኮሬማትሱ የኦክላንድ ልጅ ነው። ወላጆቹ አበባ አብቃዮች ነበሩ፤ እሱ የመርከብ ብረት በያጅ። አልሄድም አለ፤ ሜይ 30 ቀን 1942 ሳን ሊያንድሮ ላይ ተያዘ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1944 ስድስት ለሦስት ተፈረደበት። ፍርዱ የተሻረለት በ1983 ነው። ያኔ መንግሥት የዴዊትን ክስ የሚያፈርሱ የራሱን ሪፖርቶች ከዳኞቹ መደበቁ ታወቀ። እኔን ግን ከፍርዱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። ካምፕ ሲገባ የራሱ ወገኖች ራቁት። መዘዝ ያመጣብናል ብለው ፈሩት። እሱም ታሪኩን ለልጆቹ ሳይነግር ኖረ፤ ሴት ልጁ ስለ አባቷ ክስ የሰማችው ትምህርት ቤት፣ ከክፍል ጓደኛዋ ነው።

«ኢኑ» ማለት ውሻ ነው

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። የጭራቅ ፍርሃት የሚያጠፋው የሚከሰሰውን ወገን ብቻ አይደለም። ተከሳሾቹ ውስጥም ገብቶ እርስ በርስ ያናክሳል። በካምፖቹ ውስጥ ሰዎች አንዱ ሌላውን «ኢኑ» ማለት ጀመሩ። ኢኑ በጃፓንኛ ውሻ ማለት ነው፤ ለአስተዳደሩ ወሬ የሚያቀብል ሰላይ ለማለት ነበር። ማንዛናር በተባለው ካምፕ በዲሴምበር 1942 አንድ የማኅበር መሪ «ኢኑ ነው» ተብሎ በሌሊት ተደበደበ። በማግስቱ በተነሳው ግርግር ወታደሮች ተኩሰው ሁለት ወጣቶች ሞቱ። በ1943 ደግሞ መንግሥት የታማኝነት መጠይቅ አስሞላ። «አዎ» ያለና «አይ» ያለ ወንድማማች ተለያየ። ካምፑ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመታት እነዚህ ሰዎች በአንድ ቤተ ጸሎት፣ በአንድ ሠርግ ላይ መቀመጥ ይከብዳቸው ነበር። አጥሩ ፈርሷል፤ ስድቡ ግን አልፈረሰም።

እኛስ? በ1960ዎቹ በርክሌይና ሎስ አንጀለስ፣ ዋሺንግተንና ቦስተን ይማሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ ማኅበር ውስጥ ነበሩ። አንድ መጽሔት ያነባሉ፣ አንድ መዝሙር ይዘምራሉ፣ ያለችውን ምግብ ተካፍለው ይበላሉ። በርክሌይ በኬሚካል ምሕንድስና ዶክትሬቱን የሠራው ሰናይ ልኬ ከእነሱ አንዱ ነበር። አብዮቱ መጥቶ አገር ቤት ሲገቡ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አብረው ሌሊቱን ሲከራከሩ ያደሩት ልጆች አንዱ ሌላውን «አናርኪስት»፣ ሌላው ደግሞ ያንኛውን «ባንዳ» ብሎ ጠራው። ሰናይ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ቤተ መንግሥት ውስጥ በተከፈተ ተኩስ ተገደለ። ከዚያ የመጣውን ታውቁታላችሁ። «አናርኪስት» የምትለዋ ቃል የማንንም በር ማስከፈት የምትችል ቁልፍ ሆነች፤ ልጁን የቀበረ አባት የጥይቱን ዋጋ እስከ መጠየቅ ተደረሰ። ጠላት አልነበረም አልልም። እርስ በርስ ከተገዳደሉት መሐል ግን ስንቱ በእርግጥ የተባለውን ነበር?

በ1990 ክረምት መግቢያ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለፍሬድ ኮሬማትሱ የነፃነት ሜዳልያ አጠለቁለት። አሜሪካ ስሕተቷን በአደባባይ ስታምን፣ በዚያው ዓመት፣ በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን 1990፣ ባድመ ላይ ጦርነት ተጀመረ። በሰኔ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ኤርትራውያንና ከኤርትራ የሚወለዱ ኢትዮጵያውያን ከየቤታቸው ይለቀሙ ጀመር። ለብዙዎቹ እንደ ማስረጃ የቀረበባቸው በ1985ቱ ሪፈረንደም ድምፅ መስጠታቸው ነው። ያንን ሪፈረንደም ተቀብሎ አዲስ አበባ ላይ ድምፅ ያሰጣቸው ግን ያው መንግሥት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ የውጭ ዜጋ በመንግሥት ፈቃድ እንደሚኖር፣ የዓይንህ ቀለም አላማረንም ብለን እንኳ ብናስወጣው መብታችን እንደሆነ ተናገሩ። እንደ ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘገባ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ 75,000 ያህል ሰው ወጣ። ከኤርትራም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን፣ ብዙዎቹ ተሠቃይተው፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2004 በሄግ የተሰየመው የካሣ ኮሚሽን በሲቪሎች ላይ በተፈጸሙ ጥፋቶች ሁለቱንም መንግሥታት ተጠያቂ አደረገ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። ከግቢያችን ማዶ የሚኖሩ እናት ነበሩ፤ የእናቴ የቡና ጎረቤት። እኔን በእጃቸው ያሳደጉኝ ናቸው ብል አላጋነንኩም። አንድ ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው። በማግስቱ እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ «ጣቢያ ድረስ ሄደህ ስጣቸው» አለችኝ። ሄድኩ። ጣቢያው አጠገብ ስደርስ ግን ቆምኩ። ማን ለማን ስንቅ እንደሚያመጣ የሚመዘግቡ አሉ ይባል ነበር። «ይባል ነበር» ነው የምላችሁ፤ የሚመዘግብ ሰው በዓይኔ አላየሁም። ጥግ ላይ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ለእናቴ «ሰጠኋቸው» አልኳት። በሶውን ለማን እንደሰጠሁት ዛሬም መናገር ያሳፍረኛል።

ማንም አላስገደደኝም። ፖሊስ አልከለከለኝም። እኔን የመለሰኝ ያልታየው ጅብ ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የአሥመራ ስልክ ሲከፈት ሰዎች የማያውቁትን ቁጥር እየደወሉ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲላቀሱ አይታችኋል። እኔ የምደውልለት ቁጥር አልነበረኝም።

ነገሩ በ1990 አልቆመም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የአዲስ አበባ ነዋሪ አካባቢውን እንዲጠብቅ፣ የተጠረጠረን እንዲጠቁም ተነገረው። ብዙ የትግራይ ተወላጆች ታሰሩ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንዳሳሰበው ገለጸ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቃሉ ብቻ እየተለወጠ ሄደ። «ጁንታ»፣ «ሸኔ»፣ «ጃውሳ»። እያንዳንዱ ቃል መጀመሪያ የታጠቀ ኃይልን ለመጥራት ይወጣል፤ ውሎ ሲያድር ግን ቋንቋውን የሚናገር ባለ ሱቅና ተማሪ ይጠራበታል። የሰደበው ሰው ደግሞ ተራው ደርሶ በሌላ ቃል ሲሰደብ ይደነግጣል።

«ሰላይ የለም ነው የምትለን?»

ይህን ጥያቄ እንደምታነሱት አውቃለሁ። ሰላይማ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በውጭ የሚኖሩ የኢሳት ጋዜጠኞችን ኮምፒውተር በስለላ ሶፍትዌር ለመጥለፍ መሞከሩን አጋልጧል። ይህ ተረት አይደለም። ነገር ግን የተጋለጠው እንዴት ነው? ፋይሉ ተመርምሮ፣ አሠራሩ ተገልጦ፣ በማስረጃ ነው። «እገሌ አነጋገሩ አላማረኝም» ተብሎ አይደለም።

ሰላይ ባለበትም ቢሆን ጥርጣሬ ምን እንደሚሠራ ኦክላንድ ራሷ ትመሰክራለች። ብላክ ፓንተር ፓርቲ እዚሁ በ1966 ተመሠረተ። ኤፍቢአይ ሰርጎ ገቦች እንደነበሩት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የሴኔቱ የቸርች ኮሚቴ ዘገባ ግን ከስለላው የበለጠ መሣሪያ ምን እንደነበር ገለጠ፤ የሐሰት ደብዳቤ ነበር። ኦክላንድ ባለው ሂዩይ ኒውተንና አልጀርስ በስደት ባለው ኤልድሪጅ ክሊቨር መሐል ቢሮው የሐሰት ደብዳቤ እየጻፈ ጥርጣሬ ዘራ፤ ንጹሕ አባላትን «መረጃ አቀባይ» የሚያስመስል ወሬ አስነዛ። በ1971 ፓርቲው ተሰነጠቀ። ጠላት ሺህ ሰላይ ማሠማራት አያስፈልገውም ማለት ነው። አሥር አሠማርቶ ሺህ ናቸው የሚል ወሬ ቢበትን ሥራው ይሠራለታል፤ የቀረውን እኛው እንጨርስለታለን።

እንግዲህ ጥንቃቄንና የጭራቅ ፍርሃትን መለያው ይህ ይመስለኛል። ጥንቃቄ «ይህ ሰው ምን አደረገ?» ብሎ ይጠይቃል። የጭራቅ ፍርሃት «ይህ ሰው የማን ወገን ነው?» ይላል። ለመጀመሪያው ማስረጃ ቀርቦ ሰውየው መልስ ሊሰጥበት ይችላል። ለሁለተኛው መልስ የለውም። «አሜሪካዊ ነኝ» ብሎ ቢጽፍም ሱቁ ይዘጋል።

አውሮፕላን ማረፊያው በስሙ የሚጠራው ሰው

አንድ ታሪክ ላክልና ልጨርስ። ሳን ሆዜ ስታርፉ አውሮፕላን ማረፊያው በኖርማን ሚኔታ ስም እንደሚጠራ አንብባችኋል። ሚኔታ ሳን ሆዜ ተወልዶ በአሥር ዓመቱ ከነቤተሰቡ ተጋዘ። ቤዝቦል መጫወቻ ዱላውን ይዞ ባቡር ሊሳፈር ሲል ወታደር መሣሪያ ነው ብሎ ነጠቀው። የአሥር ዓመት ልጅ፣ የጨዋታ ዱላ! ከዚያ ዋዮሚንግ ውስጥ ወዳለው ሃርት ማውንቴን ካምፕ ተወሰደ።

በአቅራቢያው ኮዲ የምትባል ከተማ አለች። የከተማዋ ሰው ከአጥሩ ወዲያ ያለውን እንደ አደገኛ ጠላት ያይ ነበር። አንድ የቦይ ስካውት መሪ ግን ልጆቹን ይዞ በጠባቂዎቹ መሐል አልፎ ገባ። እነዚያም ስካውቶች ናቸው፣ እኛም ስካውቶች ነን ብሎ። ከኮዲ ልጆች አንዱ አለን ሲምፕሰን፣ ከካምፑ ልጆች አንዱ ኖርማን ሚኔታ በአንድ ድንኳን ተመደቡ፤ ወዳጅ ሆኑ። ሚኔታ አድጎ የሳን ሆዜ ከንቲባ፣ ከዚያ የዴሞክራቶች የምክር ቤት አባል ሆነ። ሲምፕሰን የሪፐብሊካን ሴናተር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1988 መንግሥት ይቅርታ የጠየቀበትና በሕይወት ላለ ለእያንዳንዱ ተጎጂ 20,000 ዶላር ካሣ የወሰነበት ሕግ ሲወጣ ሁለቱም ደገፉት። ሚኔታ በ2001 የትራንስፖርት ሚኒስትር ነበር። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ዓረብና ሙስሊም መንገደኞች በመልካቸው ብቻ ተለይተው ይፈተሹ የሚለውን ሐሳብ ተቃወመ። የነጠቁትን ዱላ አልረሳም ነበር።

ያ የስካውት መሪ የሠራው ነገር ትልቅ አይደለም። ፖለቲካ አልተናገረም፤ ሰላማዊ ሰልፍ አልወጣም። በአጥሩ በኩል ገብቶ ማን እንዳለ አየ። አጥሩ ውስጥ ያሉት እንደ እሱ ልጆች ቋጠሮ የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ጅቡን የገደለው ይኸው ሄዶ ማየቱ ነው።

ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። አንድ ዓይነት እንጀራ ይጋገርባቸዋል፤ አንድ ዓይነት ቡና ይጨስባቸዋል። ሆኖም ዛሬ ምግብ ቤት ከመግባታችን በፊት ወጡ ይጣፍጣል ወይ ሳይሆን ባለቤቱ የማን ነው ብለን እንጠይቃለን። ለቅሶ ቤት ገብተን ማን አጠገብ እንደምንቀመጥ እንመርጣለን። ሃያ ዓመት አብሮን ዕድር የከፈለ ሰው ሲሞት «እነሱ ይቅበሩት» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እናንተም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አባቶቻችን ደም የተቃባን እንኳ ለቅሶ አይከለክሉም ነበር። ጨዋነት የሚሞተው በጦር ሜዳ አይደለም፤ እግዜር ይስጥልኝ በማይባልበት ደጅ፣ ነፍስ ይማር በማይባልበት ለቅሶ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። በሰው ላይ ክስ ስትሰሙ «ምን አደረገ? ማን አየ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «እሱማ መቼ ይታያል» ከሆነ፣ የሰማችሁት የቡዳ ወሬ ነውና እዚያው አስቀሩት። አንድ ወገን ብቻ የሚቀመጥበት ለቅሶ ካለ ሄዳችሁ ተቀመጡ። የሚያዝን ሰው ደግሞ ስንቅ ብትልኩለት መንገድ ላይ ቆማችሁ አትመለሱ። የምትመለሱበትን ምክንያት ሁልጊዜ ታገኛላችሁ። ስንቁን የምትሰጡበትን ቀን ግን ሁለተኛ ላታገኙት ትችላላችሁ። እኔ አላገኘሁትም።

ቸር ይግጠመን። ቸር ሰንብቱ።